ያስገባኝ ሰው

«ለምን ጊዮርጊስ ሆንክ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። እኔም አጥቼ አላውቅም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ መመሥረቱን፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች እንደጠነሰሱት፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ ሐበሻና ጣሊያን አንድ ሜዳ ላይ እንዳይጫወቱ ተከልክሎ እንደነበር እናገራለሁ። ጠላት ወጥቶ ውድድር ሲጀመር የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ በነበሩበት ከተማ የአገሬው ልጆች ቡድን ጊዮርጊስ እንደነበረ እጨምራለሁ። ከዚያ ይድነቃቸው ተሰማ ይመጣሉ፤ በወጣትነታቸው ለክለቡ ተጫውተው፣ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩት። ከእሳቸው ቀጥሎ መንግሥቱ ወርቁ፤ ጥር 1954 ዓ.ም. በዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ አራተኛዋን ጎል ያገባው የጊዮርጊስ ልጅ።

የሚያዳምጠኝ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ደህና ምክንያት ነው፤ እኔም ከልቤ እኮራበታለሁ። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም የሰማሁት ጊዮርጊስ ከሆንኩ ከዓመታት በኋላ ነው። ታሪኩን ፈልጌ ያነበብኩት አስቀድሜ ወድጄው ስለነበር ነው። የማውቃቸው ደጋፊዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ መጀመሪያ ይገባሉ፣ ምክንያቱን በኋላ ይሰበስባሉ።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ የቅርብ ጓደኛዬ ነው። እሱ ቡና ነው። ለእሱም ዝግጁ መልስ ነበረው፤ ቡና በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተ የሰፊው ሕዝብ ክለብ ነው፣ ደጋፊው ተሸንፎም ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይዘምራል፣ የመሳሰለውን። አንድ ምሽት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሳልጠይቀው ሌላውን ነገረኝ። እናቱ ቡና ለቀማ ትሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ውላ፣ ማታ ስትገባ ልብሷ ጥሬ ቡና ጥሬ ቡና ይሸት ነበር። አብረዋት ከሚለቅሙት ሴቶች የአንዷ ባል የለየለት የቡና ደጋፊ ነውና፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር የለቃሚዎቹን ልጆች ሰብስቦ ስታዲየም ይወስዳቸዋል። ልጆቹ ሲሄዱላት እናቲቱ ጋደም ትላለች። «እማዬ ቀን ተኝታ የማያት ቡና የሚጫወት ዕለት ብቻ ነበር» አለኝ። ይህን ያህል ዓመት ስንከራከር ስለ አማካይ ተጫዋችና ስለ ዳኛ ነበር የምናወራው። ስለ እናቱ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

የኔም እንግዲህ ይኸውና። ያደግኩት ቂርቆስ ነው፤ ከስታዲየሙ በእግር የሚደረስበት ሰፈር። አባቴ ኳስ አይወድም፣ እናቴ ለኳስ የሚተርፍ ሳንቲም የላትም። እሑድ ከሰዓት ነፋሱ ወደኛ ከነፈሰ ጩኸቱ ግቢያችን ድረስ ይመጣል። መጀመሪያ ጉምጉምታ፣ ከዚያ ድንገት ድብልቅልቅ ያለ ጩኸት። ጎል መሆኑን አውቃለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። እዚያ ግንብ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት የነበረኝን ጉጉት ዛሬም በቃል ልገልጸው አልችልም።

ያኔ ትንሽ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ከመጣ በረኞቹ ብዙ ጊዜ ትኬት አይጠይቁትም ነበር። ስለዚህ የየሰፈሩ ልጅ በሩ አጠገብ ተኮልኩሎ የሚመጣውን ሁሉ «ጋሼ፣ ይዘውኝ ይግቡ» ይላል። አብዛኛው ሰው አይሰማም፤ ይቸኩላል፣ ሰልፍ አለበት፣ ኪሱን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ድምፄ አይወጣም ነበር። ብዙ ልጆች ገብተው፣ እኔ ከተረፉት ጋር በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ ሰውዬ ምንም ሳልለው እጄን ያዘኝ።

ፊቱ ዛሬ አይመጣልኝም። እጁ ግን ይመጣልኛል። መዳፉ ሻካራ ነበር፤ በጥፍሮቹ ዙሪያ ታጥቦ የማይለቅ ጥቁር ቅባት ነበረበት፤ ጋራዥ የሚሠራ ይመስለኛል። በሩ ላይ ያለው ሰው «ልጅህ ነው?» አለው። «አዎ» አለ፤ አላመነታም፣ ወደ እኔም አላየም። እንዲያ ብሎ ሲመልስ የተሰማኝን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አባቴ ደህና ሰው ነው፣ ቤት ውስጥም የጎደለብኝ አልነበረም። ቢሆንም አንድ የማያውቀኝ ሰው በሕዝብ ፊት ልጄ ነው ሲለኝ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ካታንጋ ወደሚባለው የስታዲየሙ መቀመጫ ገባን። ሲሚንቶው በፀሐይ ግሏል። ሰውየው ጋዜጣ ገዛና ለሁለት ቀድዶ ግማሹን ለኔ አነጠፈልኝ። ለውዝም ገዛ፤ ቆንጥሮ አልሰጠኝም፣ ጥቅሉን በመሃከላችን አስቀምጦ «ብላ» አለኝ። አንገቱ ላይ ብርቱካናማና ቢጫ ሻርፕ ነበረ። ከፊትም ከኋላም ያለው ሰው ሁሉ ያንኑ ቀለም ለብሷል። የኛ ወገን የትኛው እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ተሸነፍን። ተጋጣሚያችን ማን እንደነበረ፣ ጎሉን ማን እንዳገባው ጠፍቶብኛል። ጎሉ ሲቆጠርብን ሰውየው የሻርፑን ጫፍ አፉ ላይ አድርጎ ዝም እንዳለ ግን አልረሳም። እኔም ዝም አልኩ፤ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ወደ ስታዲየሙ ስመጣ ምኔም ባልነበረ ቡድን ምክንያት ጉሮሮዬ ተዘጋ። ስንወጣ ሕዝቡ እንዳይገፋኝ ከፊቱ አድርጎ ይዞኝ አስፋልቱን አሻገረኝና «ቤትህን ታውቀዋለህ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አይዞህ፣ ሳምንት እናሸንፋለን» ብሎኝ በለገሃር በኩል ሄደ።

በሳምንቱ እዚያው በር ላይ ጠበቅኩት። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ጠብቄዋለሁ። ሌሎች ደግ ሰዎች ይዘውኝ ገብተዋል፤ እሱን ግን ዳግመኛ አላገኘሁትም። ሥራ ቀይሮ ይሁን፣ አገር ለቆ ይሁን፣ ወይ በሌላ በር ይገባ ይሁን አላውቅም። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ ልጅ ትልቅ ሰውን ስም አይጠይቅም።

ዕድሜዬ ሲገፋ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ለዚያ ሰው የምመልሰው ውለታ መድረሻ አጥቶ ክለቡ ላይ ማረፉ ነው። ልከፍለው ስላልቻልኩ እሱ የሚወደውን ወደድኩለት። የዚያን ዕለት እጄን የያዘኝ ቡናማ ሻርፕ ያደረገ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቡና ነበርኩ። ለጊዮርጊስ ሰው ይህን ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም። ግን ከዚህ የቀረበ እውነት የለኝም።

ሰው አሸናፊን ይከተላል የሚሉ አሉ። ጊዮርጊስ በአገራችን ከማንም በላይ ዋንጫ አንስቷልና እኔን ለማስረዳት ይበቃል ብለው ያስባሉ። ታዲያ ያንን ሁሉ የቡና ሕዝብ ምን ሊያደርጉት ነው? ቡና ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ደጋፊው በዝናብ፣ በፀሐይ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ ከምሳው ቆጥቦ ሲመጣ ኖሯል። ዋንጫ የሚያመጣው ደጋፊ ዋንጫው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እነዚህ አልሄዱም።

ሥራ ይዤ የራሴን ትኬት መቁረጥ ስጀምር፣ በሩ ላይ የተኮለኮሉት ልጆች እኔን «ጋሼ» ይሉኝ ጀመር። ደስ እያለኝ ይዤ እገባ ነበር፤ ልጅህ ነው ወይ ስባል አዎ እላለሁ። አንዱን መቼም አልረሳውም። የጫማው ማሰሪያ ጠፍቶ በኤሌክትሪክ ሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ቀይ ነበር። ተቀምጠን ቡድኖቹ ሲገቡ እጅጌዬን ጎትቶ «ጋሼ፣ የኛ የትኞቹ ናቸው?» አለኝ። ለአፍታ መልስ አጣሁ። የምነግረው ነገር እሑዶቹን፣ ጓደኞቹን፣ ምናልባትም ጠቡን ሁሉ ዕድሜ ልኩን ሊወስንለት ይችላል። ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ልጅ ላይ ማን ሰጠኝ? እሱ ግን አይኑን አፍጥጦ ይጠብቃል። አሳየሁት። ወዲያው ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረ።

ከዚያ ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘጋ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ እየዞረ የሚካሄድ ውድድር ሆነ፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩና ተደሰትኩ፤ ክለቦች ገቢ አገኙ፣ ተጫዋቾቻችን ታዩ። ብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ አጥቶ በሰው አገር «ሜዳዬ» እያለ መጫወት ያዘ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ ቤቴ ብቻዬን ዘልዬ ጮህኩ፤ ከዚያ ለቡናው ጓደኛዬ ደወልኩ። ሁለታችንም እንባ ይዞን ነበር። «ይህን ጨዋታ እዚህ ቢያዩት ስንት ልጆች ዛሬ የኳስ ሰው ሆነው ይገቡ ነበር» አለኝ። ይህ ቃሉ አሁንም ያንገበግበኛል። ጨዋታው በስክሪን ይታያል፤ በር ላይ ቆሞ እጅ የሚይዝ ሰው ግን በስክሪን አይመጣም።

ለዚህ ነው የዛሬ ልጆች የለንደንና የማንቸስተር ቡድን ይደግፋሉ እየተባለ ሲወቀሱ የማልስማማው። የኔ ትውልድ ለአርሰናል ቢያንስ ምክንያት ነበረው። በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካኑ በቼልሲ ሜዳ 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ ብቻውን ሦስት አግብቶ ሲያሸንፍ አይተናል። በ2003/04 ያለ አንድ ሽንፈት ሊጉን ሲጨርሱ ኮሎ ቱሬና ሎረን ከኋላ ነበሩ፤ የኛን መልክ የያዙ ልጆች ነበሩና ልባችን ሄደ። የእህቴ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የተወለደው። አርሰናል የሆነበትን ምክንያት ስጠይቀው ስለ ተጫዋች አላወራኝም። የሰፈራቸው ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ቆሞ አንገቱን ሲያሰግግ፣ አንድ ጎረምሳ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አለው። ጎረምሳው አርሰናል ነበር። ልጁ አሁንም ከዚያ አግዳሚ ላይ፣ ከጎረምሳው ጎን ነው የሚያየው።

ምን እላለሁ? የሰማሁት የራሴን ታሪክ ነው።

ሆኖም የአገሩን ክለብ በዓይኑ ሳያይ እንዳያድግ ፈለግኩ። ሊጉ አዳማ በመጣ ጊዜ፣ ጊዮርጊስና ቡና በሚገናኙበት ቀን፣ በጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍረን ወደ ከተማው ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሄድን። ቀኑን ሙሉ እጁን አልለቀቅኩም። ብርቱካናማ ሻርፕ ገዛሁለት፣ ለውዝ ገዛሁለት፣ ይድነቃቸውን ነገርኩት፣ መንግሥቱ ወርቁን ነገርኩት። መግቢያው ላይ ግን ግፊያ ነበርና ተገፍተን ተገፍተን የተቀመጥነው ከቡና ደጋፊዎች አጠገብ ሆነ። የአዳማ ፀሐይ ቀላል አይደለም። ከበስተኋላችን የነበረች ሴት፣ ልጁ አይኑን ሲያጨነቁር አይታ ቡናማና ቢጫ ሻርፗን ዘርግታ አናቱ ላይ ያዘችለት። ክንዷ ሲዝል እያቀያየረች፣ እየዘመረች፣ መዝሙሩንም ቃል በቃል እያስጠናችው እስከ እረፍት ቆየች። በሁለተኛው አጋማሽ ከነሱ ጋር ሲዘምር ሰማሁት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ጋሼ፣ ቡና ሊጉን መቼ ነው የወሰደው?» ብሎ ጠየቀኝ። በ2003 እንደሆነ፣ እሱ ያኔ እንዳልተወለደ ነገርኩት። «ምንም አይደል» አለኝ። እናቱ ደውላ ምን አድርገህብኝ ነው፣ ቤቱን በከበሮ አናወጠው አለችኝ። ያን ብርቱካናማ ሻርፕ እኔ ወስጄዋለሁ። ለእሱ ቡናማውን ገዝቼለት፣ ሊጉ ወደ አቅራቢያችን በተመለሰ ቁጥር የሁለታችንንም ትኬት እኔ ነኝ የምቆርጠው፤ ጊዮርጊስ ሲጫወትም፣ ቡና ሲጫወትም።