የሩቅ መንጋ

የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም። የፎገራ ልጅ ነኝ፤ ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ከብት ሳግድ ነው ያደግሁት። ስለ ጉስታቭ ማህለር መጻፌን የሚሰማ ያገሬ ሰው «ይህን ደሞ ከየት አመጣው?» ቢል አልፈርድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከዘመዱ ቤት ያገኛቸውን ሁለት አሮጌ ሸክላዎች ይዞ መጣ፤ የማህለር 6ኛ ሲምፎኒ ነው፥ ጆርጅ ሶልቲ የቺካጎን ኦርኬስትራ እየመራ እ.ኤ.አ. በ1970 ያስቀረጸው። አጀማመሩ የወታደር ሰልፍ ይመስላል፤ ከበሮው፥ ጥሩምባው፥ ግርግሩ። እውነቱን ለመናገር ሰለቸኝ። ልነሳ ስል ሁካታው በረድ አለና ቫዮሊኖቹ በቀጭኑ ሲንቀጠቀጡ፥ ከበስተኋላ ቃጭል ሰማሁ።

እኛ ቤት ላም ቃጭል አታስርም፤ ቃጭል ስሰማ የሚታየኝ ቅዳሴ ነው። ጓደኛዬ ግን «የከብት ነው» አለኝ። እንዴ! መቶ የሚሆን ሙዚቀኛ ባለበት መካከል የላም ቃጭል ምን ይሠራል?

በኋላ ፈልጌ እንዳነበብኩት፥ ማህለር ይህን ሥራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1903 እና በ1904፥ እኛ ክረምት በምንላቸው የዕረፍት ወራት፥ ኦስትሪያ ውስጥ ሐይቅ ዳር ሆኖ ነው። በ1906 ኤሰን ከተማ ላይ ራሱ መርቶ አሰማው። በኖታው ላይም ቃጭሎቹ በጥንቃቄ፥ አንዴ አንድ ላይ አንዴ ለየብቻ፥ ከሩቅ እንደሚግጥ መንጋ ሆነው እንዲሰሙ ያዛል። ከሩቅ! ልቤን የነካችው ይህች ቃል ናት።

የፎገራ ላም የታወቀች ናት፤ ነጭና ጥቁር፥ ረግረግ የማይበግራት፥ ወተታም። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ከብቱን ወደ ደረቁ እንነዳለን፤ ውሃው ሲሸሽ እንመልሳለን። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የገባው ሩዝ ግን እየሰፋ ሄዶ ግጦሹን ወሰደው። የእኛም ቤት ተራ ደረሰ። አባቴ ወለላን ከነጥጃዋ ወረታ ገበያ አውጥቶ ሸጠ፤ የሣር መሬታችንንም ሩዝ ዘራበት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ከእረኝነት ተገላገልኩ፤ ደብተርና ጫማ ተገዛልኝ፤ በሩዙ ብር ተምሬ እዚህ ደረስኩ። ታዲያ ሩዙን ልርገም? የበላሁበትን ወጪት መስበር ይሆንብኛል።

ግን ያን ምሽት ሸክላው ሲዞር የኛን መንጋ ሰማሁት፤ ጭቃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ኮቴ፥ የጥጃ እምቧታ፥ ያባቴ ፉጨት። መሐሉ ሳለሁ ድምፅ እንዳለው እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር።

በማግሥቱ ደወልኩ። «አባዬ፥ ወለላ ትዝ ትልሃለች?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ያን ለት አንተ ስትስቅ አየሁና» አለኝ፥ «እኔም አላለቀስኩም።»

ሸክላዎቹን ለጓደኛዬ እስካሁን አልመለስኩለትም። ትንሽ ይታገሠኝ።