ቧንቧም ያረጃል

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሲ.ኤም.ሲ ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ቤቶች ከሠራበት የጣሊያን ኩባንያ ነው። ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ሌሊት ተነሥቼ ባልዲና ጄሪካን እደረድራለሁ።

የአገር ቤት ዘመዶቼ፣ «ታዲያ ከተማ ምኑ ይወደዳል?» ይሉኛል። ሐኪም ቤት ቅርብ ነው። ልጆች የማታ ትምህርት እንኳ ያገኛሉ። የከተማ ባቡርም በ2008 ዓ.ም ሰፈራችን ደርሷል። ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው።

ለከተማው ውኃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ ግን ከተሠራ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕዝቡ በዛ፤ ቧንቧው አረጀ። ብዙ ውኃ ቤት ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይፈሳል። ፎቅ ሲሠራ ሁሉም ያያል፤ የተቀበረውን ቧንቧ ማን ያየዋል? አሮጌው ሳይጠገን አዲስ ቤት ብቻ ቢጨመር፣ ወረፋው ይረዝማል። የሚያፈስ ቧንቧ ስናይ ዝም አንበል።