ሳል፥ መስኮትና የአዋሽ መንገድ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኛ ሁለት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከሦስት የሕክምና ተማሪዎች ጋራ ወደ ሰመራ ወርደን ነበር። ከአዲስ አበባ ስንነሣ ብርድ ስለ ነበረ የአውቶቡሱ መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። ያገራችንን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ መንገደኛ ከበሽታ ይልቅ ነፋስ ይፈራል። ከሕክምና ጓደኞቻችን አንዱ አዳማ እስክንደርስ ሲያስል ቆይቶ «ጉንፋን ነው» አለን። አመንነው። ሐኪም ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰው እንዴት አይታመንም?

መንገዱ እንዲያጥር ስለ ሳምባ ነቀርሳ ጠየቅናቸው። ምክንያታችን የቋንቋ ነበር፤ ሰዉ «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል አንዳንዴ ለሳምባው በሽታ፥ አንዳንዴ ለካንሰር ሲለው እንሰማለንና። እነሱ ግን ቃሉን ትተው በሽታውን እንደ ዳዊት ደገሙልን፤ ሮበርት ኮኽ ተሕዋሲውን ማግኘቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 እንዳስታወቀ፤ በሽታው የሚተላለፈው በማንኪያና በብርጭቆ ሳይሆን በአየር እንደ ሆነ፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር እንደሚፈጅ፥ ይኸውም 2 ወር በአራት ዐይነት መድኃኒት፥ 4 ወር በሁለት፤ ሁለት ሳምንት የሞላው ሳል የአክታ ምርመራ እንደሚያሻው። ከሁሉ አብልጦ የመለሰው ያ የሚያስለው ጓደኛችን ነው። መስኮት ግን የከፈተ የለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንደርስ ያስከፈተን ሙቀቱ ነው።

ሰመራ በአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀመጡ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን በእውነት ይነጋገራል። ሽማግሌው ከየት እንደ መጣን፥ ዝናብ የት እንዳየን ጠይቀው ሲያበቁ ወደ ጓደኛችን ዞሩ።

«ልጄ፥ ይህ ሳል ከያዘህ ስንት ቀን ሆነ?»

ዝም አለ። ከዚያ «ከፈተናው በፊት ነው የጀመረኝ» አለ። ብንቆጥረው አምስት ሳምንት አልፎታል። አራት ሆነን አብረነው ስንጓዝ አንዳችንም አልጠየቅነውም ነበር።

ሌሊት ማደሪያችን ውስጥ የቀረውን ነገረን። ላብ ያጠምቀዋል፤ ቀበቶውም ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ለምን ደበቅህ ብንለው «የክፍል ጓደኞቼ አልጋቸውን ያርቁብኛል» አለ። በፈተና ወረቀት ላይ ግን መድኃኒቱን በሚገባ የጀመረ ሰው የማስተላለፍ ኀይሉ ቶሎ እንደሚቀንስ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል።

በማግሥቱ አክታውን ሰጠ። ውጤቱ የእሱ ነው፤ ይህንንም እንድንጽፍ የፈቀደልን ስሙን ላናነሣ ምለን ነው። ስንመለስ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። አዳማን እንዳለፍን አንዲት እናት «ዝጋው ልጄ፥ በረደን» አሉት። ስለ ምን እንደ ከፈተው ቀስ ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናነቡ፤ መስኮቱም እንደ ተከፈተ አዲስ አበባ ገባን።