ንጉሡን ደብዳቤ መለመን

ዕዝራና ነህምያ በንጉሥ አርጤክስስ ዘመን በ13 ዓመት ልዩነት ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዙ የእግዚአብሔር ሰዎች ናቸው። ዕዝራ ስለ አምላኩ ብርታት ለንጉሡ ተናግሮ ስለ ነበር ለመንገዱ ጠባቂ ወታደር መጠየቅ አፈረ፤ ጾመ፣ ለመነ፣ በሰላም ደረሰ (ዕዝራ 8፥21-23)። ነህምያ ደግሞ ከጸለየ በኋላ ለገዢዎቹ የሚያሳየው ደብዳቤ፣ ለደን ጠባቂው ለአሳፍም ሌላ ደብዳቤ እንዲሰጠው ንጉሡን ጠየቀ (ነህምያ 2፥7-8)። ወታደሮችም አብረውት ሄዱ። መጽሐፍ ቅዱስ አንዱን ከሌላው አያበላልጥም፤ የምናበላልጠው እኛ ነን። ዕዝራን ስንሰብክ ድምፃችን ከፍ ይላል፣ የነህምያን ደብዳቤ ግን ቶሎ እናልፈዋለን።

በእኛ ቤት የነህምያን መንገድ መያዝ ግድ ሆነብን። የምንኖረው ጀርመን ነው። ባለቤቴ ከልክ ካለፈ ውፍረት፣ ከስኳርና ከጉልበት ሕመም ጋር ለዓመታት ታግላለች። ይህንን የምንጽፈው በእርሷ ፈቃድ፣ አብረን ተቀምጠን ነው። ሐኪሞቹ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና መከሩን። እህቷ ቪየና ነርስ ናት፤ እዚያ ብትታከም የሚያስታምማት አለ። ደግሞም ከብዙ ዓይን ራቅ ብላ ማገገም ፈለገች። በአንድ አዳራሽ የሚያመልክ ሕዝብ የፓስተሩን ሚስት ሳህን እንደሚያይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ክራንከንካሴ የምንለው የጤና መድን በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ከተፈቀደ ኤስ 2 የሚባል ቅጽ ይሰጣል፤ ይህን የያዘ ሰው በሄደበት አገር የሕዝብ መድን እንዳለው የአገሩ ሰው ይታከማል። ከአውሮፓ ውጭ ሲሆን በሩ በጣም ይጠብባል። ቱርክ ሄደው ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉ ወገኖች አሉን፤ የከፈሉት ከኪሳቸው ነው። አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቫይታሚኑና የደም ምርመራው የዕድሜ ልክ ነው፤ ሐኪሙ ባሕር ማዶ ሲሆን ማን ይከታተላል?

ለማመልከቻው ብዙ ወረቀት ሰበሰብን። የክብደትና የቁመት ስሌቱ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አለዚያም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ካለ ሐኪሞች ስለ ቀዶ ሕክምናው ያነሣሉ፤ እርሷ በሁለተኛው ትገባለች። የስድስት ወር የምግብ ማስታወሻ፣ የእንቅስቃሴ ማስረጃ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ደብዳቤም ተያያዘ። የምግብ ማስታወሻው ነገር ያስቃል። አንድ እንጀራ ስንት ግራም ነው? ጉርሻስ በየትኛው መስመር ይጻፋል? እምቢ ማለት እንደ ንቀት በሚቆጠርበት ማዕድ ላይ ያደገ ሰው ይህን ለጀርመናዊ የምግብ አማካሪ ሲያስረዳ ማየት ነው። አማካሪዋ ግን በትዕግሥት ሰማችን፤ ጌታ ይባርካት።

ወሬው መቼም አይቀርም። አንድ ወንድም፣ "ፓስተር፣ ጾም ጸሎቱ ቢጠነክር አይሻልም?" አሉን። በየዋህነት ነው። እርሳቸው የደም ግፊት ክኒናቸውን በየጠዋቱ በጸሎት ይውጣሉ፤ ለእርሳቸው ክኒኑ እምነት ማነስ ሆኖ አያውቅም። ታዲያ ውፍረት ሲሆን ለምን ንስሐ እንጠይቃለን? መጽሐፍ ቅዱስ ሆዳምነትን ይገሥጻል፤ በኪሎ መዝኖ ሰውን የሚኮንን ቃል ግን አላገኘንም። ቀጭን ሆዳም ሞልቷል።

ሕጉ ለመልስ ሦስት ሳምንት ይሰጣል፤ የሐኪሞች ገምጋሚ አካል ከተጠየቀ አምስት። የእኛ አምስቱንም ወሰደ። በእነዚያ ሳምንታት ማታ ማታ ስንጸልይ የምንለምነው ነገር ተለዋወጠ። መጀመሪያ "ጌታ ሆይ፣ ቪየናን ክፈት" እንል ነበር። በኋላ ባለቤቴ፣ "የወረቀቱ መልስ ምንም ይሁን፣ በራሴ ሰውነት ከማፈር አውጣኝ" ማለት ጀመረች። አሜን ማለት እንኳ አቃተን፤ ዝም ብለን ተያይዘን ተቀመጥን።

መልሱ መጣ። ቀዶ ሕክምናው እንደሚያስፈልጋት ተቀብለዋል፤ ቪየና ግን አልተፈቀደም፤ ምክንያቱም ያው ሕክምና እዚሁ ጀርመን በወቅቱ ይገኛል። ሕጉም እንዲህ ያለውን ምክንያት ይቀበላል። በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ይቻል ነበር፤ እንዲያውም ደብዳቤውን አርቅቀን ነበር። ጳውሎስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏልና መቃወም ነውር የለበትም። ባለቤቴ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ሕክምናውን ፈቅደውልኛል። ቪየናን የፈለግሁት ለእህቴና ለመደበቂያ ነበር። እህቴ መምጣት ትችላለች፤ መደበቂያውን ግን አሁን አልፈልገውም" አለችና አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።

በቀጣዩ ሐሙስ በእህቶች ጸሎት ላይ ራሷ ቆማ ተናገረች። እህቷ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች። ለቀሪው ጊዜ እህቶች ተራ ገብተዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽና የተፈጨ ብቻ፣ በርበሬ የለም ተብሎ ተነግሯቸዋል። እማማ አንዷ፣ "ያለ በርበሬ ምን ዓይነት ሾርባ ነው?" ብለው ተቆጡ፣ ግን ተመዘገቡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት እህቶች ለየብቻ ደወሉ። አንዷ ስኳሯ ከፍ ካለ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ለሐኪሟ ውፍረቷን አንሥታ አታውቅም። ማክሰኞ ወረቀቶቿን ይዛ እኛ ቤት ትመጣለች።