የእንጅባራ ፈረሶችና የጋጣቸው ጉዝጓዝ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ፥ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ፥ ባሕር ዳር ሊገባ ከ110 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሲቀረው እንጅባራ ይደርሳል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ ስለ ሆነ፥ ጭጋጉና ዝናቡ የበዛ፥ ሣሩም የለመለመ ነው። በአቅራቢያው በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ አለና እንግዳ ሁሉ ያንን ሊያይ ይቸኵላል። እኛ ግን ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ፈረሱ ነው።

የአገው ምድር ሰው ፈረሱን እንደ ቤተ ሰቡ ይቈጥረዋል። በ1888 ዓ.ም በዐድዋ ጦርነት ጊዜ ፈረስ የዋለውን ውለታ ለማሰብ፥ በ1932 ዓ.ም የፈረሰኞች ማኅበር ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንንም አባ ቃኘው ተብለው በፈረስ ስማቸው ይጠሩ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው፥ ይህ ፍቅር አዲስ ነገር አይሆንበትም። በበዓሉ ቀን ያማረው ኮርቻና የተሸለመው ልጓም ይደነቃል፤ ፈረሱ ምን ላይ ተኝቶ እንዳደረ ግን የሚጠይቅ የለም።

በታኅሣሥ ወር በአንድ አዛውንት ባላገር ቤት በእንግድነት ባደርንበት ሌሊት፥ ከግድግዳው ማዶ ፈረስ ደጋግሞ ሲያስል ሰማን። ሲነጋ ብናየው መልከ መልካም ዳማ ነው፤ ነገር ግን ሳይሠራ ቆሞ ሳለ አፍንጫው ይሰፋል፥ ሆዱም ከጎድኑ በታች እንደ ወናፍ ይሳባል። ጤነኛ ፈረስ ዐርፎ ሲቆም በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሰዓት ይዘን ብንቈጥር የዚህኛው 28 ሆነ። አዛውንቱም «ጌታው፥ ብርድ መቶት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አሉ። ስለዚህ የጋጣውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ መርገው፥ የገብስ ጭድ እስከ ጉልበቱ ጐዝጕዘውለት ነበር። ጎረቤቶቻቸው ሽጠው እንዲገላገሉት ይመክሯቸዋል፤ እርሳቸው ግን ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። በዓሉም ሊደርስ አርባ ቀን አልቀረውም ነበር።

ነገሩን ስንመረምረው፥ አዛውንቱ በርኅራኄ ያደረጉለት ሁሉ ፈረሱን የሚያንቀው ሆኖ ተገኘ። ጭድ በአውድማ ላይ በበሬ ኮቴ የተደቀቀ ስለ ሆነ ብናኙ ብዙ ነው፤ በእርጥብነቱ ከተከመረ ደግሞ ሻጋታ ያበጃል፥ የሻጋታውም ትቢያ ዓይን የማያየው ነው። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳልና ራሱን ወደ ጉዝጓዙ ዝቅ ባደረገ ቍጥር ያን ትቢያ ይስባል። የእንስሳት ሐኪሞች ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ደዌ የፈረስ አስም ብለው ሊጠሩት ተስማምተዋል። ሳንባው አንድ ጊዜ ከሻጋታው ጋር ቂም ከያዘ ፈጽሞ አይታረቅም፤ ብናኙ ሲርቅለት ግን ይረጋል። በተዘጋው ጋጣ ውስጥ ከበሰበሰው ሽንት የሚወጣው ዓይን የሚያቃጥል ሽታም፥ ይኸውም አሞኒያ የሚባለው፥ የታመመውን ሳንባ ይብስ ያስቈጣዋል።

እንግዲህ ምን ይጐዝጐዝለት? ከሁሉ የሚሻለው በመስክ መዋልና ማደር ነው፤ ሆኖም ጅብ በሚፈራበት አገር ይህ ምክር ለቀን እንጂ ለሌሊት አይሆንም። ለሌሊቱ የሚስማማው፥ አናጢ በመላጊያ ሲልግ የሚጥለው ሰፋፊና ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። መጋዝ የሚያወጣው ሰጋቱራ ግን እንደ ዱቄት የላመ ስለ ሆነ ከጭድ አይሻልም። ቀለም ወይም መድኃኒት ከተቀባ እንጨት የወጣውንም መተው ይገባል። በውጭ አገር የተቈራረጠ ወረቀት የሚያነጥፉም አሉ፤ ብናኝና ሻጋታ የለውምና ለሕመምተኛው ይመቻል፥ ቶሎ መርጠቡ ግን ጕድለቱ ነው። ከመዝገብ ቤት የሚጣለው ወረቀት ለፈረስ አልጋ መዋሉን የሰማ ጸሐፊ ምን እንደሚል እንጃ! ሁሉንም ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፤ በበር በሚገባ የፀሐይ ጨረር ፊት አንድ እፍኝ ቢያራግፉት፥ የሚነሣው ጭጋግ ራሱ ይመሰክራል።

ጉዝጓዙን ብቻ ለውጦ ድርቆሹን እንደ ነበረ መተው ከንቱ ድካም ነው፤ ድርቆሹ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ በውሃ ተነክሮ ሳይደርቅ ይሰጠው። ጋጣው ሲጠረግ ፈረሱ በውጭ ይቁም፥ ብናኙም እስኪረጋ አይመለስ። በዚያው ጣራ ሥር ሌላ ፈረስ በጭድ ላይ ካደረ ትቢያው ድንበር አያውቅምና የእርሱም ይለወጥ። ትኩሳት ያለው ወይም ከአፍንጫው አረፋ የሚወጣው ፈረስ ግን ሕመሙ ሌላ ነውና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይጠራለት።

አዛውንቱ ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ልጃቸውን ጆንያ አስይዘው ወደ ከተማው አናጢዎች ላኩት፥ ራሳቸውም ዶማ አንሥተው የመረጉትን መስኮት ከፈቱ። ጥር 23 ቀን ተመልሰን ብናይ፥ ዳማው ከግልቢያው አልገባም ነበር። እስትንፋሱን ብንቈጥር 18 ሆነ። አዛውንቱም ልጓሙን ይዘው፥ ከሰልፈኞቹ በስተ ኋላ በእግራቸው እየመሩት ያልፉ ነበር።