ፈረሱላ በኮምፒውተር ሒሳብ ውስጥ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ አንድ ቡና ከዛፍ ወርዶ እስኪሸጥ ድረስ መለኪያው ደጋግሞ ይቀየራል። ማሳው በሄክታር፣ እሸቱ በኪሎ፣ ከነቅርፊቱ የደረቀው ጀንፈል በኩንታል ይነገራል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋ የሚጠራው በፈረሱላ ነው፤ ለውጭ የሚላከው ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል፤ የኒው ዮርክ ቡና ገበያ ደግሞ ዋጋውን በፓውንድ ስንት ሴንት ብሎ ያወጣል። ይህ ሁሉ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ኤክሴል የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። 17 ተብሎ የተጻፈው ኪሎ ይሁን ፈረሱላ ግድ የለውም፤ ደምር ከተባለ ይደምራል። መለኪያ የሚለውጥ ፎርሙላ ቢኖረውም ፓውንድን እንጂ ፈረሱላን አያውቅም።

ከዚህ የሚሻሉት ቁጥርንና አሃድን ሳይነጣጥሉ የሚይዙ ሶፍትዌሮች ናቸው። መሐንዲሶች የሚሠሩበት ማትካድ እንዲህ ያደርጋል፤ በፓይተን ለሚጽፍ ሰው ፒንት የተባለ በነጻ የሚገኝ ቤተ መጻሕፍት አለ። ሄክታርን ከኪሎ ጋር ደምር ቢባሉ እምቢ ይላሉ። ፈረሱላን ግን ተጠቃሚው ራሱ በአንድ መስመር ሊያስተዋውቃቸው ይገባል፦ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። ይህ መስመር በቃል የሚታለፍ አይደለም፤ በቀድሞው የዛንዚባር ንግድ በዚሁ ስም የሚጠራው መለኪያ ወደ 16 ኪሎ ገደማ ነበርና።

መስመሩ አንዴ ከተጻፈ የቀረው ይቀላል። ለምሳሌ ዋጋው በፈረሱላ 6,800 ብር ቢሆን ለ17 ኪሎ ሲካፈል ፈረሱላው ተጣፍቶ 400 ብር በኪሎ ይቀራል። ኒው ዮርክ ላይ 300 ሴንት የተባለ ፓውንድ፣ አንድ ፓውንድ 0.45359237 ኪሎ ስለሆነ፣ በፈረሱላ 112.44 ዶላር ገደማ ይወጣዋል። የኒው ዮርኩ አንድ የውል መጠን 37,500 ፓውንድ ነው፤ ሲመነዘር አንድ ሺህ ፈረሱላ ከግማሽ ይሆናል። ማንም አስቦ ያገጣጠመው አይመስልም፤ ለአጋሮ ነጋዴ ግን በቃሉ ሊይዘው የሚገባ ቁጥር ነው።

ስለ አሃድ ስህተት ሲነሣ በ1999 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ የጠፋችው የናሳ መንኮራኩር ሳትጠቀስ አትቀርም፤ አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ያወጣውን ሌላው በኒውተን ተቀብሎት ነበር። ቡና ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ ስህተት ብዙ አያስፈራም። ፓውንድን ኪሎ ያለ ሰው ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይዛባበታል፤ ያንን ደግሞ ማንኛውም አቅራቢ በዓይኑ ይይዘዋል። የሚያከስረው ትንሹ ነው። እርጥበቱ 20 ከመቶ የሆነ 100 ኪሎ ቡና ወደ 11.5 ከመቶ ሲደርቅ ስንት ይጎድላል? ብዙ ሰው 20 ሲቀነስ 11.5 ብሎ 8.5 ኪሎ ይላል። የማይለወጠው ግን 80 ኪሎው ደረቅ አካል ነው፤ 80 ለ0.885 ሲካፈል 90.4 ይሆናል። የጎደለው 9.6 ኪሎ ነው። ከመቶ አሃድ ስለሌለው ሶፍትዌሩ እዚህ ላይ ምንም አይናገርም።

ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ሴልሺየስና ፋራናይት፣ እንደ ሀበሻና እንደ ፈረንጅ ሰዓት፣ ከአንድ ዜሮ አይነሡም። በማድረቂያ አልጋ ላይ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ በፋራናይት 32.4 ነው። ልዩነቱን እንደ ተራ ሙቀት የመነዘረ ፕሮግራም 32 ጨምሮበት 64.4 ይላል። ፒንት ለሙቀት ልዩነት የተለየ አሃድ የሰጠው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የኪሎና የኪሎ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ቅሽር፣ ማለትም ተፈልፍሎ የተጣራ ቡና፣ ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት፣ ወይም ሁለት ኪሎ ያህል ጀንፈል ያስፈልጋል። አንድ ቡና መፈልፈያ 6,000 ኪሎ እሸትና 1,000 ኪሎ ቅሽር አለኝ ቢል በጣም ጠንቃቃው ሶፍትዌር እንኳ 7,000 ኪሎ ብሎ ይደምርለታል፤ ሁለቱም ክብደት ናቸውና። በቅሽር ሲታሰብ ግን ያለው 2,000 ገደማ ነው። መድኃኒቱ የእሸት ኪሎንና የቅሽር ኪሎን እንደ ብርና እንደ ሄክታር የማይደመሩ ሁለት የተለያዩ አሃዶች አድርጎ መመዝገብ፣ መመንዘሪያውንም ለብቻው በግልጽ ማስቀመጥ ነው፤ ስድስቱ እንደ ማሳው፣ እንደ ዝርያውና እንደ ዝናቡ ከፍና ዝቅ ስለሚል በየዓመቱ መስተካከል አለበት። ይህን የሚያደርግ ሶፍትዌር ተዘጋጅቶ አይመጣም፤ ሠንጠረዡን የሚሠራው ሰው ቡናውን ካላወቀ አሃዱም አያድነውም።