የወሊማውን ወንበር ማን ይደርድር?



እኛ ቢቸና ያለን ወጣቶች ኒካህ ወይም ወሊማ ሲኖር ሥራችን የታወቀ ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንደረድራለን፣ እንግዳ ተቀብለን እናስቀምጣለን። ከመካከላችን ኮምፒውተር የተማሩ ስላሉ አንድ ሐሳብ መጣልን። የዝግጅት ቦታን ንድፍ የሚሠራ ሶፍትዌር አለ፤ ኤአይ ኤጀንት የሚባለውም አለ። ሁለቱን አገናኝተን ሞጣ ላለ ዘመዳችን ወሊማ ብናውላቸውስ? አልን። አደረግነውም። ያየነውን የምናካፍላችሁ እናንተም በየከተማችሁ ይህን መሞከራችሁ ስለማይቀር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ተራ ቻትቦት ስትጠይቁት ይመልሳል፤ በዚያ ያበቃል። ኤጀንት ግን መሣሪያ ይሰጠዋል። «የጠረጴዛዎቹን ዝርዝር አምጣ»፣ «ጠረጴዛ 7ን ወደዚህ አዛውር»፣ «ይህን እንግዳ እዚህ መድብ» የሚሉ ትእዛዞችን ራሱ ወደ ሶፍትዌሩ ይልካል። ድሮ ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር የተለየ ማገናኛ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል (ኤምሲፒ) የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ የማገናኛ ደንብ ካወጣ ወዲህ ሥራው ቀሏል።

ልብ በሉ! በዚህ መንገድ የሚሠራ ኤጀንት ድንኳኑን እንደ እኛ በዓይኑ አያየውም። የሚያነበው ቁጥር ነው፦ ጠረጴዛው ከግራ ጠርዝ ስንት ሜትር፣ ከላይ ስንት ሜትር፣ ስፋቱ ስንት፣ ወደየት ዞሯል። ቁጥሩ ውስጥ ያልገባ ነገር ለእርሱ የለም።

ለምሳሌ ቂብላን እንውሰድ። ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። በስክሪኑ ላይ ያለው ንድፍ ግን «ላይ» እንጂ «ሰሜን» አያውቅም። በግቢው ቆመን በኮምፓስ ሰሜንን ለክተን ንድፉ ላይ ምልክት ባናደርግ ኖሮ የመስገጃው ምንጣፍ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ ይነጠፍ ነበር። ካስማና ገመዱም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ 10 በ20 ሜትር ድንኳን ብሎ አራት ማዕዘን ይሥላል፤ ገመዱ ግን ከሸራው ውጭ ይወጠራል። የውኃ ባልዲ የተሸከመች እህት የምትደናቀፈው እዚያ ላይ ነው። ዋልካ መሬቱ ዝናብ ሲነካው የት እንደሚጨቀይም በሜትር ለክተን ነው ያስገባንለት።

ይህ ሁሉ ከገባለት በኋላ ሥራው ያስገርማል። ለአንድ ተቀማጭ መተላለፊያውን ጨምሮ 1 ካሬ ሜትር ገደማ ያዝ አልነው። 200 ካሬ ሜትር ድንኳን ለ400 እንግዳ እንደማይበቃ ወዲያው ነገረን፤ በሁለት ዙር እንድናስተናግድም ሐሳብ አቀረበ። ከድንኳኑ ሁለት መውጫ እንዲኖር፣ አንዱም በወንበር እንዳይዘጋ አስጠነቀቀ። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ሚና ላይ በጀመራት ድልድይ በተፈጠረ መጨናነቅ ከ340 በላይ ሑጃጆች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ አሮጌው ድልድይ ፈርሶ ባለ ብዙ ፎቅ ሆኖ ተሠራ፤ መግቢያና መውጫውም ተለያየ። የቦታ አቀማመጥ ሕይወት ያጠፋል፣ ሕይወትም ያተርፋል። የእኛ ድንኳን ትንሽ ቢሆንም ከወጥ ቤቱ እሳት ቢነሳ ሕፃናቱና እናቶቹ የሚወጡት በዚያው ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። ሶፍትዌሩ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው አገር ነው። «የመጨረሻ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ቤተሰብ ናቸው፤ አንድ ላይ ይቀመጡ» ብሎ ያስባል። በእኛ አገር ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ኤጀንቱ አንድን አባወራ ከባለቤቱና ከልጆቹ የማይዛመድ እንግዳ አደረገው፤ አባቶቻቸው ሰይድ የሚባሉ፣ ተያይተው የማያውቁ አምስት ሰዎችን ግን እንደ ወንድማማች በአንድ ጠረጴዛ ሰበሰባቸው። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሃመድ ተብሎ በሦስት ዓይነት የተጻፈውን አንድ ሰውም ሦስት ወንበር ሰጠው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቁጥር ሰጠን፤ ኤጀንቱ በስም ሳይሆን በቤት ቁጥር እንዲመድብ አዘዝነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። የሰዎችን ሙሉ ስምና ስልክ ለማናውቀው ኩባንያ ኮምፒውተር መላክ ቀረልን። እንግዳ ስሙን የሰጠን ለወሊማ ነው፤ አማና ነው።

ከሁሉም የከበደን ግን የሚከተለው ነው።

የእኛ አገር ሠርግ የሙስሊም ብቻ ሆኖ አያውቅም። ክርስቲያን ጎረቤት ይጠራል፤ ለእርሱ እርዱም፣ ድስቱም፣ አስተናጋጁም ለብቻ ይዘጋጃል። የጾም ቀን ከሆነ የጾም ምግብ ይቀርብለታል። ይህን ለኤጀንቱ በዝርዝር ጻፍንለት። እርሱም በትክክል ሠራበት። ክርስቲያን እንግዶችን በሙሉ ለይቶ በድንኳኑ ጫፍ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጣቸው። ምክንያቱን ስንጠይቀው የእነርሱ ወጥ ቤት በዚያ በኩል ስለሆነ የአስተናጋጆቹ መንገድ እንደሚያጥርና ምግቡም እንደማይቀላቀል አስረዳን። ስሌቱ ስህተት አልነበረበትም።

ንድፉን ለሙሽራዋ አባት አሳየናቸው። ጣታቸውን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ «ይኼ ሰው አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው። በር ላይ ላስቀምጠው?» አሉን።

ቦታው ሞጣ መሆኑን አትርሱ። በታኅሣሥ 2012 መስጊዶች የተቃጠሉባት፣ የሙስሊሞች ሱቆች የተዘረፉባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ ማን የት ተቀመጠ፣ ማን ከማን አጠገብ ሆነ የሚለው ተራ የወንበር ጉዳይ አይደለም። ሰው ከወሊማ ወጥቶ የሚያወራው ስለ ሥጋው ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደተቀበሉትም ያወራል። በር ላይ የተቀመጠ ጎረቤት ምንም ሳይናገር ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። ማሽኑ ይህን በምን ያውቃል? ንድፉ ውስጥ «ቅርበት» የሚባለው የሜትር ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ደንቡን ቀየርነው፦ ጎረቤት በጉርብትናው ይቀመጣል፤ ምግቡ ወደ እርሱ ይሄዳል እንጂ እርሱ ወደ ምግቡ አይጎተትም። ሽማግሌ ከሃይማኖቱ በፊት በዕድሜው ይታያል። የሴቶቹ ክፍል ለወጥ ቤቱ የራሱ መተላለፊያ ይኖረዋል። ኤጀንቱ በደቂቃ ውስጥ እንደገና ደረደረና ዋጋውን ነገረን፦ የአስተናጋጅ መንገድ ስለረዘመ ሁለት ሰው መጨመር ያስፈልጋል፤ የክርስቲያኖቹ ትሪም ከሩቅ እንዲለይ ሌላ ቀለም ይኑረው። ሁለት ልጆች ጨመርን። ትሪውን በቀለም ለየን። አለቀ።

ወንድሞችና እህቶች! ከዚህ የተረዳነው ይህን ነው። ኤጀንት ለማክበርና ለማዋረድ አይሞክርም፤ የሰጠነውን ደንብ ብቻ ይፈጽማል። አያቶቻችን ሳይጽፉት የሚያውቁትን ሥርዓት እኛ ካልጻፍንለት ደግሞ ባዶ ቦታውን ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ልማድ ይሞላዋል። እኛ ወጣቶች ያንን ሥርዓት እናውቀዋለን ወይ? እንግዳ የሚቀመጥበትን ቅደም ተከተል ጻፉ ብትባሉ ግማሽ ገጽ ትሞላላችሁ? እኛ ብዙውን የጻፍነው እናቶችንና ሽማግሌዎችን እየጠየቅን ነው።

መሞከር ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር እነሆ፦

1. ለኤጀንቱ መጀመሪያ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ስጡት። ለውጥ ሲያደርግም በንድፉ ቅጂ ላይ ይሁን። ወደ ዋናው የሚያልፈው ሰው አይቶ ሲያጸድቀው ነው።

2. እንግዶች በመልሳቸው የሚጽፉትን ማስታወሻ በቀጥታ አትስጡት። አንዱ «እኔን ከፊት አስቀምጡኝ» ብሎ ቢጽፍ ኤጀንቱ የእናንተ ትእዛዝ ሊመስለው ይችላል።

3. ቦታውን ራሳችሁ ለኩ። የፎቶ ግምት አይበቃም።

4. ንድፉን በወረቀት አትሙት። በ2015 ክረምት በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት እንዳልተመለሰ ሁላችንም እናስታውሳለን። መብራቱም እንደምታውቁት ነው። በዕለቱ እንግዳ የሚመራው ልጅ እጁ ላይ ወረቀት ይኑር።

5. ከማጽደቃችሁ በፊት ለባለቤቶቹ አሳዩ። ድንኳኑ በእናንተ ቢተከልም እንግዳው የእነርሱ ነው።

በየከተማችሁ ስላለው የአቀማመጥ ሥርዓት ትልልቆቹን ጠይቃችሁ ጻፉ። ነገ ብዙ ነገራችንን እንዲህ ያሉ ማሽኖች ይደረድሩታል፤ ያኔ የእኛም ልማድ ተጽፎ ይጠብቃቸው።